የኋላ በር ሰላምታ

ላም ኖሮኝ አያውቅም። ሰበታ ላይ የተከራየኋት ክፍል እንኳን ላም፣ እኔንና አልጋዬን አንድ ላይ ማስገባትም ይቸግራት ነበር። እንዲህም ሆኖ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው፣ በምሠራበት የሳሙና ፋብሪካ የኋላ በር ላይ ስለ ላሞቼ ጤንነት መልስ ስሰጥ ኖሬአለሁ።

ጠያቂው የበሩ ጥበቃ ነበሩ። ፋብሪካው የቆመው እኚህ ሽማግሌ ጤፍ ይዘሩበት በነበረ መሬት ላይ ስለሆነ፣ የጥበቃ ሥራ ተሰጥቷቸው በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ሠራተኛ ሲመጣ ይነሳሉ፣ እጁን ይይዛሉ፣ ከዚያ በኦሮምኛ ይጀምራሉ። «አካም ቡልቴ? ማቲን ናጋ? ኢጆሌን ናጋ? ሎን ናጋ?» እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ከብቶቹስ ደህና ናቸው ወይ ማለታቸው ነው። እኔ ሚስትም ልጅም ከብትም የለኝም። «ናጋ፣ ናጋ፣ ናጋ» እያልኩ እጄን ለማስለቀቅ እታገላለሁ፤ ከኋላዬ ሰልፉ ይረዝማል።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ በሚንተከተክበት ሰሞን፣ እኛ ግቢ የሚንተከተከው ካይዘን የተባለው የጃፓን አሠራር ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ አሠልጣኝ የምርታማነት ጠላት ብክነት መሆኑን አስተማረንና፣ ለሥራ የማያስፈልግ ነገር ሁሉ ቀይ ካርድ እንዲታሰርበት አዘዘ። ካርድ የታሰረበት ዕቃ በወሩ ይወገዳል። ካርድ ጸሐፊው እኔ ሆንኩ፣ የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ። እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የማይመዝን ሚዛን፣ ክዳን የሌለው በርሜል፣ ያየሁት ላይ ሁሉ አሰርኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው በዕድሜው ስንት ጊዜ «አያስፈልግም» የማለት ሥልጣን ያገኛል?

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በመስኮታቸው የኋላውን በር አዩ።

«ያ ሰልፍ ምንድን ነው?»

«ሰላምታ ነው።»

«በል ሂድና ለካው።»

ሞባይሌን ይዤ አጥሩ ሥር ቆሜ ለካሁ። ለአንድ ሰው ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ ከብት ያለው ከሆነ ደግሞ ስለ ጥጃዋም ስለሚወራ ሁለት ያልፋል። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አይተው ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ላም የሌለው ሰው ስለ ላም እየተጠየቀ ነው ማሽኑ ቆሞ የሚጠብቀው?» አሉና ካርድ እንድጽፍ አዘዙኝ። ጻፍኩ። «የዕቃው ስም፦ የኋላ በር ጥበቃ። ምክንያት፦ ለሥራው አያስፈልግም።»

ካርዱን ድንጋዩ ላይ ላስር ጎንበስ ስል ሽማግሌው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ማንበብ አይችሉም። እውነቱን መናገር ከበደኝና «የሥልጠናው ባጅ ነው አባባ» አልኳቸው። ተቀብለውኝ ኮታቸው ላይ፣ በልባቸው በኩል፣ በመርፌ ቁልፍ አደረጉት። አመሰገኑኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረታቸው ላይ «አያስፈልግም» ለጥፈው የመላውን ሠራተኛ ከብት ደህንነት ይጠይቁ ጀመር። እኛም እያነበብን አለፍን።

በወሩ ተሰናበቱ። በቦታቸው ዩኒፎርም የለበሰ፣ መታወቂያ ብቻ የሚያይ ጎረምሳ ቆመ። ሠራተኛው እንደ ውሃ ይገባ ጀመር፣ ሥራ አስኪያጁም ፊታቸው በራ።

ደስታው ሳምንት አልቆየም። በተቃውሞው አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደረደረና ግማሹ ሠራተኛ ከመንገድ ተመለሰ። በማግስቱም እንዲሁ። ማሽኑ ሰው አጥቶ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ እንደ ሥልጠናው የችግር ምክንያት መፈለጊያ የሆነውን የዓሣ አጥንት ሥዕል ሰሌዳ ላይ አሣሉኝ፤ ጭንቅላቱ «የምርት መቀነስ»፣ አጥንቶቹ «ሰው»፣ «ማሽን»፣ «ጥሬ ዕቃ»፣ «ዘዴ»። «መንገድ ተዘጋ» ብዬ ስጽፍ አጠፉት።

«ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካይዘን አይቀበልም። ከግቢው ውስጥ ፈልግ!»

ሳሙና የምትቆርጥ አንዲት ሴትዮ ጠየቅኩ። እንደ ሞኝ አየችኝ። «መንገድ ሲዘጋማ ድሮም ይዘጋ ነበር። የበሩ ኦቦ ናቸው ‹ነገ በወፍጮ ቤቱ በኩል ኑ፣ በድልድዩ አትምጡ› የሚሉን። ሁሉን ሰው ሲጠይቁ እኮ ነው የሚያረፍዱት... ምኑን ያጡታል?»

ለካ ያ ሁሉ የላም ጥያቄ የመንገድ ወሬ መሰብሰቢያ ነበር። ሰሌዳው ላይ «ዘዴ» በሚለው አጥንት ሥር «ሰላምታ» ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ ይህን አላጠፉትም።

«ሂድ አምጣቸው» አሉኝ።

በወፍጮ ቤቱ በኩል ሄድኩ። ሽማግሌው ደጃቸው ተቀምጠዋል። እጄን አልያዙም፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከኮታቸው ኪስ ካርዱን አውጥተው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት።

«የልጅ ልጄ አነበበችልኝ» አሉ። «አንድ ወር አድርጌው ዞርኩ። ቤተ ክርስቲያን ሳምኩበት። ለቅሶ ደረስኩበት። ስንት የተማረ ሰው እጄን ይዞ አለፈ፣ ልጄ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«እመጣለሁ» አሉ። «ድንጋይ ሲወረወር መሐል የሚገቡት እነዚያ የፋብሪካው ልጆች ያሳዝኑኛል።»

ሰኞ ጠዋት ድንጋያቸው ላይ ነበሩ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። የሳሙና ቆራጯን ስለ ልጆቿ፣ ሾፌሩን ስለ ጥጃው ጠየቁ፤ ለሁሉም የማታውን መንገድ ነገሩ። በመስኮት የሚያዩት ሥራ አስኪያጅ ሰዓታቸውን አልተመለከቱም። የእኔ ተራ ደረሰ። እጄን ዘርግቼ «ናጋ» ለማለት አፌን ከፍቻለሁ።

«ደህና አደርክ» አሉኝ፣ በአማርኛ፣ ሁለት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ፤ እና ከኋላዬ ወዳለው ሰው ዞሩ።

ከዚያ በኋላ በዚያ በር ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። ስለ ላሞቼ አንድም ቀን አልጠየቁኝም።