የዓሣው ገንፎ

ትናንት ጠዋት ባሌ በፒጃማ ግቢው መሃል ቆሞ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጆቹ ወጡ... ሁሉም ደህና ናቸው» ሲል ሰማሁት። እኔ ገና አልጋ ላይ ነበርኩ... ከነሆዴ። የስምንት ወር እርጉዝ ነኝ።

ልጆቹ የዓሣው ናቸው። ባሌ እዚህ ጅማ ኮሌጅ ያስተምራል። መንደራ ቆጪ ሰፈር በተከራየናት ቤት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ጨዋማ ውሃ በሞላች ትንሽ የመስታወት ሳጥን ፓይፕፊሽ ያረባል። እንደ ስንደዶ የቀጠነ የባህር ዓሣ ነው፤ የሚያረግዘው ደግሞ ወንዱ ነው። ሴቷ እንቁላሏን ሆዱ ላይ ታስረክበውና ሽው ብላ ትሄዳለች። መታደል ነው።

ወንዱ ካረገዘ ወዲህ ባሌ ሌላ ሰው ሆነ። ሕይወት የሌለው ነገር አይበላም ብሎ ሽሪምፕ የምትባል በዓይን የማትታይ የባህር ፍጥረት እያስፈለፈለ ይቀልበዋል። የባህሩን ጨው በባልዲ የሚያሟሟው በገንፎ ማማሰያዬ ነው። እኔን ብርቱካን ሲያምረኝ ግን «ባጃጅ የለም» ይለኛል።

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፤ ጉልበቷን ስለሚያማት አትመጣም። «ስወልድ ማን ያርሰኛል? ገንፎ እንኳ ማን ያገነፋልኛል?» ስለው መልሱ አንድ ነው። «ጎረቤት አለ አይደል... እኔ ወጥ ቤት ምን አውቃለሁ?» ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

ጎረቤትማ መጣ። ብዙም ሳይቆይ የግቢው ሴቶች ዱቄትና ቅቤ ይዘው በእልልታ ገቡ። ከፊት እማማ ዘይነባ ናቸው። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እልልታው ሆዴን ሲያይ ቆመ።

«ሱብሃነላህ... ታዲያ ማነው የወለደው?» አሉ እማማ።

ባሌ በኩራት ወደ መስታወቱ ወሰዳቸው። ፀጉር የሚያካክሉ ልጆች ይርመሰመሳሉ።

«አባትየው ነው የወለደው» አለ።

እማማ ዓሣውን አዩት... ባሌን አዩት... ባልዲው ውስጥ የቆመውን ማማሰያ አዩት።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ለወላድ የመጣ ቅቤ አይመለስም። ወላዱ ወንድ ከሆነ ገንፎውንም ወንድ ያገንፋ። ወላሂ እኛ አንነካም።»

«እማማ፣ እኔ እኮ አልችልም...»

«ጨውን ማን አማሰለው? ክንድህማ ለምዷል። ብቻ ማማሰያውን እጠበው።»

ሴቶቹ ሶፋው ላይ ተደርድረው ጠበቁ። ባሌ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ላቡ ጠብ ጠብ እስኪል አማሰለ። ሊያቆም ሲል «በርታ፣ ደርሷል» ይሉታል።

ገንፎው ጓል በጓል ሆኖ ወጣ። እማማ መሃሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤውን አፈሰሱበትና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለኔ ሰጡኝ። «ያንቺ እስኪደርስ እጁ ይፍታታል፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ በጆሮዬ። ጓሉ ጉሮሮዬ ላይ ቢሰነቀርም ደስ እያለኝ ዋጥኩት።

ዓሣው በሰላም ተገላግሏል... ያማጠው ባሌ ነው።