ጅቡቲ ያለውን ሾፌር ሰቆጣ ሆነው መረመሩት

ከትናንት ወዲያ ጠዋት ነው... እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው።

እኔ ሰቆጣ ተወልጄ ያደግሁ፣ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የምነዳ ሾፌር ነኝ። መንጃ ፈቃዴ ጊዜው ሊያልፍ ስለሆነ ማደስ አለብኝ፤ ለማደስ ደግሞ የጤና ምርመራ ይጠየቃል። ያለ እሱ አሠሪዬ መኪናውን አያስነካኝም፣ ድንበርም አልሻገርም። ቤተሰብ ልጠይቅ በመጣሁበት እዚሁ ልጨርሰው ብዬ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም።

ወረፋው አይጣል ነው። አጠገቤ ከጋዝጊብላ ወረዳ የመጡ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ነው የሚያማቸው፤ እንዲያም ሆኖ በእግራቸው፣ እያረፉ እያረፉ ነው የደረሱት።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። በሩ ክፍት ስለሆነ ውስጥ የሚባለውን ወረፋ ላይ ያለው ሁሉ ይሰማል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ባለሙያ ዓይኔን አየ... ደህና። ጆሮዬን... ደህና። ግፊቴን ለካ... ደህና። ከዚያ ግራ እጄን አየና እስክሪብቶውን ቁጭ አደረገ።

«ይቺ ጣት የት ሄደች?»

ትንሿን ጣቴን ማለቱ ነው። ገና ረዳት ሳለሁ፣ ጎማ ስንቀይር ክሪክ ከድቶኝ ነው ያጣኋት።

«መንጃ ፈቃዱን መጀመሪያ ያወጣሁት እኮ ያለ እሷ ነው። ይኸው ስንት ዓመት ነዳሁበት» አልኩት።

«አካሉ የጎደለ ሰው ከባድ መኪና አይነዳም። ብቁ አይደለም ብዬ ነው የምጽፈው።»

ብቁ አይደለም! የልጆቼን እንጀራ በሁለት ቃል ሊዘጋው እኮ ነው!

እየተከራከርን ሳለ አንድ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ወረፋውን ጥሶ ገባ። ሁለት ጉርድ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የአጎቴ ነው... ያው እንደተነጋገርነው።»

«እሱስ የት ነው?»

«ጭነት ላይ ነው፣ ጅቡቲ።»

ባለሙያው መጻፍ ጀመረ። ዓይን ደህና። ጆሮ ደህና። ግፊት ላይ ሲደርስማ ቁጥር ሁሉ ሞላበት! «ብቁ» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን አነሳ።

ጮህኩ።

«የግፊት መለኪያህ ገመድ ጅቡቲ ድረስ ይሄዳል እንዴ? የመጣሁት እኔ በሽተኛ፣ ያልመጣው ሰውዬ ጤነኛ?!»

«አንተ የራስህን ጉዳይ ጨርስ» አለኝ ባለጃኬቱ።

«የራሴ ጉዳይ ነው እንጂ! አጎትህ ዓይኑ የማያይ ከሆነ ቁልቁለት ላይ መጥቶ የሚላተመው ከእኔ ጋር ነው!»

እናትየዋ ምን ተፈጠረ ብለው ልጃቸውን በአገሬው ቋንቋ በኽምጣና ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ትንሽ አሰቡና ወደ ባለሙያው ዞረው በአማርኛ እንዲህ አሉት...

«ሳይመጡ መታየት አለ እንዴ ልጄ? ታዲያ እኔን ምነው በዚህ ጉልበቴ ያን ሁሉ ዳገት አስወጣችሁኝ?»

ቀልዳቸውን አይደለም፤ የምራቸውን ነው የጠየቁት። ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ ማጉረምረም ጀመረ። ባለሙያውን ላብ አጠመቀው።

ጫጫታውን የሰማች ዶክተር ከወዲያኛው ክፍል መጣች። የእኔንም የአጎትየውንም ወረቀት አነበበች። ሁለት ጣቶቿን ዘርግታ «በግራ እጅህ ጨምቀህ ያዝ» አለችኝ።

ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር... ጨመቅኩት።

«ኧረ በቃ! በቃ!» እጇን እያራገበች ሳቀች። ቀጥላ ግፋ አለችኝ፣ ሳብ አለችኝ፣ ክንዴን አዙር አለችኝ። ከዚያ ወደ ባለሙያው ዞረች።

«ይሄ እጅ መሪ መያዝ ያቅተዋል? ሞክረህ አይተኸዋል?»

በራሷ እጅ «ብቁ» ብላ ጽፋ ፈረመችልኝ። የጅቡቲውን ሰውዬ ወረቀት ግን ለሁለት ቀደደችው። «አጎትዎ ሲመለሱ ራሳቸው ይምጡ» አለችው ባለጃኬቱን። ባለሙያውን ደግሞ «አንተ ቢሮዬ ጠብቀኝ!» አለችው። እናትየዋን ራሷ ደግፋ ይዛቸው ገባች።

ባለጃኬቱ ግን ቅንጣት አላፈረም። ፎቶዎቹን ለቅሞ «ምን ችግር አለው፣ ሌላ ከተማ እናሠራዋለን» ብሎ ወጣ። ልክ በልኩ ጫማ ያላገኘ ገበያተኛ ይመስል!

ወረቀቴን አግኝቻለሁ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። እኛ ልጆቻችንን ተሰናብተን መሪ የምንጨብጠው፣ ከፊት ለፊት የሚመጣውም ሾፌር ያያል፣ ይሰማል ብለን አምነን አይደል? ያን እምነት ነው በማኅተም የሚሸጡት!

ነገ እኔም ወደ ጅቡቲ ወራጅ ነኝ። አጎት የተባለውን ሰውዬ መልኩንም ታርጋውንም አላውቀውም... ብቻ ፈጣሪ ካገናኘን ሜዳ ላይ ያገናኘን፤ ኩርባ ላይስ አደራ!