ጭቃ የነካው ጫማ

ድርቁ በቆሎውን ከፈጀው ወዲህ፣ እኛ የካንሳስ ገበሬዎች የመንግሥት ካሳ ልንጠይቅ ስንሄድ፣ ሰው እንዳያየን መኪናችንን ቤተክርስቲያኑ ጀርባ እናቆማለን። ታዲያ ሁላችንም እዚያው እንገጣጠማለን።

ዛሬ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ከዚያው ብቅ አሉ። "እኔስ ለጸሎት ነው የመጣሁት" አሉን፣ በማክሰኞ ምድር! ከዚያ ቀድመውን የካሳው ቢሮ ገቡ። እንደ አገራችን ልማድ ዕድል እንዳይፈስባቸው ባርኔጣቸውን አፉን ወደ ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ከሰብልዎ ምንም የተረፈ የለም?" አለች ጸሐፊዋ።

"አንዲት ቅጠል የለችም።"

ዓይኗ ጫማቸው ላይ አረፈ። በዚህ ድርቅ እርጥብ ጭቃ! "አለቀላቸው" አልን በሆዳችን።

"ታዲያ ጋሼ፣ ይሄ ጭቃ ከየት መጣ?"

ሽማግሌው አቀረቀሩ። "ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ። የባለቤቴ መቃብር ላይ ያለችውን ጽጌረዳ ሳጠጣ ነው።" ቀና አሉ። "ጽጌረዳዋም እንደ ሰብል ትቆጠራለች እንዴ?"