ሽቦ ሲነካው የሚተኛ ውሻ

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሐዋሳ አስተማሪ ነበርኩ። እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ውሻዬን አስከትዬ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቡሹሎ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዘንድ እሄድና ከርከሮ እናድናለን። ከርከሮ በቆሏቸውን ስለፈጀባቸው እኔንም ውሻዬንም እንደ ዘመድ ነበር የሚቀበሉን።

ችግሩ፣ ጎረቤቶቻቸው ለዚያው ለከርከሮ በየአጥሩ ሥር የሽቦ ወጥመድ ያጠምዳሉ። ውሻ የገባበት እንደሆነ ይፈራገጣል፤ በተፈራገጠ ቁጥር ሽቦው ይጠብቅና ባለቤቱ ሳይደርስለት ታንቆ ይሞታል። የሽማግሌው ሁለት ውሾች ያለቁት እንዲሁ ነው።

«ልጄ፣ ከማደኑ በፊት በወጥመድ መያዝን አስተምረው» አሉኝ።

አስተማርኩት። አንገቱ ላይ ገመድ አስገብቼ ቀስ ብዬ አጠብቃለሁ። ሲታገል ዝም እላለሁ፤ ሲተኛ ወዲያው ሄጄ እፈታውና ቁራሽ ሥጋ አጎርሰዋለሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ገመዱ ገና ሲነካው መሬት ላይ ልጥፍ ብሎ ዓይኑን እኔ ላይ መትከል ጀመረ። ሌላ ምንም አላስተማርኩትም፦ ተኝተህ ጠብቅ፣ እኔ እመጣለሁ። ምን እዋሻለሁ፣ በተማሪዎቼ እንኳ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው በእኛ ሠፈር፣ ያበደ ውሻ ሰው ነከሰ። ቀበሌው ስብሰባ ጠራና ያልታሰረ ውሻ ሁሉ ይገደል ተባለ። አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት! ተነሣሁና፣ «ውሻውን የማያስር ሰው የሰፊው ሕዝብ ጠላት ነው! ባለቤቱም አብሮ ይጠየቅ!» ብዬ ደነፋሁ። ተጨበጨበልኝ። ሊቀመንበሩም አጨበጨቡ። እኔም ጉረኛው፣ ጭብጨባው ጣፈጠኝ።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት የግቢዬን በር ሳልቀረቅር ወጣሁ። ለምሳ ስመለስ መንገዱ ላይ ሰው ተሰብስቧል። የቀበሌ ጥበቃዎች ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ባሰሩት የሽቦ ቀለበት ውሻ እየያዙ ነው። አንድ ቡላ ውሻ ተፈራግጦ፣ ጥበቃውን እጁ ላይ ነክሶ አመለጠ። ቀጥሎ የያዙት የኔን ነበር። ሽቦው እንደነካው ልጥፍ ብሎ ተኛ።

ጥበቃው ደነገጠ። «ይሄስ የለመደ ውሻ ነው። ባለቤት የለውም እንዴ?» አለ።

ውሻዬ ከሰዉ መሃል ለይቶ አየኝ። ጅራቱ አቧራውን ይጠርግ ጀመር። ከጥበቃዎቹ ጋር የመጡት ሊቀመንበር ወደ እኔ ዞረው፣ «ጓድ መምህር፣ የማን እንደሆነ ያውቃሉ?» አሉኝ።

«ኧረ አላውቅም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ወይ እኔ! አፈር ልብላ! አጠገቤ የቆመችው ጎረቤቴ በየቀኑ ለውሻዬ ትራፊ ትጥልለት ነበር፤ አንዴ ቀና ብላ አየችኝና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ውሻዬን ጎትተው ወሰዱት። አልታገለም። መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ድረስ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር፤ መጥቼ እስክፈታው።

ቡሹሎ ለመሄድ ብዙ ጊዜ ፈራሁ። በመጨረሻ ብቻዬን ስደርስ ሽማግሌው ከኋላዬ ፈልገው ፈልገው፣ «ውሻውስ?» አሉ።

«ጠፋብኝ፣ አባባ።»

«መቼ?»

«ትናንት» አልኩ። ውሸት አንዴ ከጀመሩት ምን ማቆሚያ አለው።

ሽማግሌው ዱላቸውን አነሡ። «ታዲያ ምን ትቆማለህ? ወደዚህ መጥቶ ወጥመድ ይዞት ይሆናል። ያስተማርከው ውሻ እኮ ነው፣ አይሞትም። ተኝቶ እየጠበቀህ ነው፤ ና እንድረስለት!»

እምቢ ማለት አቃተኝ። እሳቸው እያነከሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ በየበቆሎው መሃል እያፏጨሁ ስጠራው ዋልኩ።