ሽማግሌ የተላከባት መኪና

ባሌ ሽማግሌ የላከብኝ በመኪና ጉዳይ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም አሁን እስቃለሁ።

መኪናዋን የሠራኋት እኔ ነኝ። በሥራ ቀን የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚሁ ለንደን፣ ባተርሲ በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ድልድይ ሥር በተከራየሁት ጠባብ ጋራዥ ለራሴ እሠራለሁ። እንዲህ ያለችውን መኪና ሆት ሮድ ይሏታል። የአሮጌ መኪና ቦዲ ይወሰድና ጣራው ተቆርጦ፣ የጎማ ከለላው፣ ፓራፋንጎው ወልቆ፣ ጉልበተኛ ሞተር ይገጠምለታል። የእኔዋ ሮድስተር ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራ የሚባል ነገር የማታውቅ። ከፋብሪካ የወጣ መኪና መንትያው በየመንገዱ ሞልቷል። የእኔን መንትያ አየሁ የሚል ካለ ይምጣና እንተያይ! ቀለሟን ላስቀምም የሄድኩት ቃሪያ ይዤ ነው፤ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ "ልክ ይህንን" አልኩት ቀለም ሻጩን። መቀመጫዋን የአውቶቡስ ወንበር ጨርቅ አለበስኩት። የካምቢዮዋ እጀታ ከተሰበረ ዘነዘና ተቆርጦ የተሞረደ ነው። የጭስ ማውጫዋን ማርሚታም ድምፁ እስኪጥመኝ ድረስ ደጋግሜ አፍርሼ በይጄዋለሁ። እኮራባታለሁ፤ ለምን እደብቃለሁ?

ባሌ ግን አፈረባት። አንዲት ሴት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ "ምነው፣ ሳትጨርሱት ነው እንዴ የምትነዱት?" ካለችው ወዲህ ሰላም አጣ።

"ወይ ጣራ አድርጊላት፣ ወይ ሽጫት" አለኝ።

"ጣራ ካደረግሁላትማ ሌላ መኪና ሆነች" አልኩት። ተኮራረፍን። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ ከዌምብሊ ጋራዤ ድረስ መጡ።

ሁለት ነበሩ፤ ሠርጋችንን የመረቁ አንድ አዛውንትና ጡረታ የወጡ መምህር። የዘይት ጣሳዎቹን ገፋ ገፋ አድርጌ "አባባ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው።

"እሺ ሳትይንማ አንቀመጥም" አሉ አዛውንቱ። ሥርዓቱ ነው፤ ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። "ልጄ፣ ባልሽ ተቸግሯል። መኪናዪቱን ሽጪለትና ቤታችሁ ሰላም ይሁን።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፣ አልሸጥም።"

እኔ ግትር ነኝ፣ እሳቸውም ቀላል አይደሉም። ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲዛወሩ ሳይ ጨነቀኝ። ሽማግሌ አቁሞ ማቆየት ነውር ነው። በመጨረሻ እጃቸውን የመኪናዋ በር ላይ ጣል አደረጉ። ቀለሙን ዳበሱ፣ ወደ ውስጥ አጎነበሱ፣ መሪውን ነካ ነካ አደረጉ። "እስቲ" ብለው በሩን ከፈቱና ገብተው ቁጭ አሉ።

"ኧረ ጋሼ!" አሉ መምህሩ ደንግጠው። "ቁጭ አሉ እኮ!"

"አዎ፣ ተቀመጥኩ። እንግዲህ በሥርዓታችን ነገሩ አልቋል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "በይ ስታርት አድርጊያት።"

ሳስነሳት ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቁ።

ፍርዱን እዚያው ሆነው ለባሌ ደወሉለት። "መኪናዋ አትሸጥም። አንተ ግን አንድ ጊዜ አብረሃት ውጣ። ከዚያ በኋላም ካፈርክ እንደገና እንመጣለን፣ ያን ጊዜ ትሸጣለች።"

"በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት" አለ ባሌ። ቢሆንም ራሱ የላከውን ሽማግሌ ቃል ማጠፍ አይችልም፤ በቀጣዩ ቅዳሜ ፊቱን አጨፍግጎ አጠገቤ ተቀመጠ። እኔም ከእሱ ያልተናነሰ ፈርቻለሁ፤ ዛሬ ካፈረ መኪናዬ ሄደች።

ኬኒንግተን ላይ መብራት ያዘን። ከጎናችን የቆመ የጭነት መኪና ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከፊት እስከ ኋላ አያትና፣ በእንግሊዝኛ ባሌን "አንተ ነህ የሠራሃት?" አለው። እኔ መሪውን ይዤ፣ ጥያቄው ለእሱ! ለምጄዋለሁ፣ ግን ያን ቀን አንገበገበኝ። ባሌ ምን ሊል ነው ብዬ ወደ እሱ ዞርኩ።

ባሌ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ክንዱንም በሩ ላይ አሳረፈ።

"እኔማ ብሎን ማጥበቅ እንኳን አልችልም" አለው። "ሚስቴ ናት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በገዛ እጇ።"

ሹፌሩ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። መብራቱ ተለወጠ፤ እኔም ዓይኔ እንባ እንደሞላ ማርሽ አስገባሁ።

"ቀስ በይ እንጂ" አለኝ ባሌ። "ሰው ይያት።"