ከናይሮቢ ቢቸና መርዶ ተሸክመን

ከቢቸና እስከ ሞጣ ወይንእሸትን የማያውቅ ንብ አርቢ የለም። ሥራዋ ሞጣ ነው፣ የንብ ባለሙያ ናት። ተወልዳ ያደገችው ግን እዚሁ ቢቸና፣ ከእኔ አጥር ማዶ፣ በአባቷ በመሪጌታ አካለ ወልድ ግቢ ነው። እናቷ ታናሽ ወንድሟን ሰማውን በወለደች ማግሥት ስለሞተች፣ መሪጌታ ናቸው እናትም አባትም ሆነው ያሳደጓቸው። ቅኔ ያስተምራሉ፣ ሲያበቁ ቀፏቸውን ያያሉ። ልጅቱ ከእግራቸው ሥር አትጠፋም ነበር።

ያን ጊዜ ሴት ቀፎ አትነካም። ቀፎ የሚሰቀለው ዛፍ ላይ ነው፣ ሴት ዛፍ ስትወጣ ደግሞ ነውር ነው። መሪጌታ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ቀፎውን ከዛፉ አውርደው አጥሩ ሥር የጭቃ መደብ ሠሩና እዚያ ላይ አስቀመጡላት። «እንግዲህ ልጅህ ዛፍ ወጣች የሚለኝ ይምጣ!» አሉ። አገር ሳቀ። ንቡ መሬት ላይ ማር ሲሠራ ሲያይ ግን ሳቁን ተወው። እኛም የሰፈሩ ሴቶች ቀስ በቀስ ከእርሳቸው አይተን መደብ ሠራን። ወይንእሸት ተምራ ባለሙያ ሆና ስትመለስ ማኅበር አቋቋመችልን። እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠርሁት ሴትዮ ሰብሳቢ ተባልሁ።

በኋላ ናይሮቢ የንብ ባለሙያዎች ትልቅ ጉባኤ አለ ተባለና ጠሯት። ስለ ሴቶቹ ቀፎ ተናገሪ፣ ከሴቶቹም አንዷን ይዘሽ ነይ አሏት። እኔን ያዘች። ሦስተኛችን፣ እርሱም የተጠራው፣ መንግስቴ ነው፤ ከወይንእሸት ጋር የተማረ፣ ደጀን የሚሠራ የከብት ሐኪም፣ ሲቀልድ የሚውል ልጅ።

ስንነሣ መሪጌታ እስከ መኪናው ሸኙን። «አንቺ፣ የእኔን መደብ ለውጭ አገር ሰው ስትነግሪ ስሜን እንዳትውጭው» አሏት።

«ስምዎንማ አስቀድሜ ነው የምጠራው አባዬ።»

«አንቺም ፈንታነሽ፣ በአሮጊት ዕድሜሽ አውሮፕላን ላይ እንዳታንቀላፊ፤ ካለፈሽ አይመለስም።»

አላንቀላፋሁም። ጆሮዬ ሲደነቁር፣ እግሬ ሲያብጥ ደረስን። ናይሮቢን አየሽ ወይ ብትሉኝ በመስኮት ነው ያየኋት። ሆቴሉ ውስጥ ከአዳራሽ ወደ ምግብ፣ ከምግብ ወደ አዳራሽ ነው። እንግሊዝኛው ሲዘንብ ይውላል፣ ወይንእሸት በጆሮዬ ጨመቅ አድርጋ ትነግረኛለች።

የመጀመሪያው ቀን ከምሳ በኋላ መንግስቴ በምልክት ጠራኝ። ደረጃው ሥር ወሰደኝ። ፊቱ ቀልድ አልነበረበትም።

«እትዬ ፈንታነሽ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ልስማው። ምን ሆንህ?»

«ሰማው ደወለልኝ። መሪጌታ አረፉ። ከቅዳሴ መልስ ደከመኝ ብለው ጋደም እንዳሉ ቀሩ። ነገ ይቀበራሉ።»

ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስሁት። ስንት ዘመን በአንድ አጥር የኖርሁ ሰው ናቸው። መጮህ አልቻልሁም፤ በፊታችን ሰው ሻይ ይዞ ይመላለሳል።

«እንንገራት» አለኝ መንግስቴ። «ነገ ነው የምትናገረው። የተማረች ሴት ናት፣ በኋላ ትቀየመናለች።»

«ማን እጇን ይይዛታል? ማን አብሯት ያለቅሳል? እዚህ ምንጣፍ ላይ ስትወድቅ ዘበኛ ጠርተው ሊያነሷት ነው? ቀብሩ ነገ ከሆነ ብትበርስ ትደርሳለች?»

«አትደርስም።»

«ሰማውስ ምን አለ?»

«አደራ አለ። ቢቸና አድርሱልን፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳታል አለ።»

«እንግዲያስ ምን ትጠይቀኛለህ? መርዶ በአገር ነው፣ በማለዳ፣ በወገን መካከል። እዚያ እስክናደርሳት አፍህን ያዝ።»

መንግስቴ መጀመሪያ የስልኳን ነገር አሰበ። ፌስቡኩ ላይ አንዱ ነፍስ ይማር ብሎ ቢጽፍስ? ስላይዱን ላስተካክልልሽ ብሎ ስልኳን ተቀበላትና ፌስቡኩንም ኢሞውንም አጠፋው።

«አንተ ምን አደረግኸው? ባዶ ሆኗል እኮ!»

«ሞልቶ ነበር፣ አጸዳሁልሽ። በዚህ ስልክ ነው ጉባኤ የመጣሽው?»

«የላም ሐኪም ስልክ ሲነካ እንዲህ ነው። እጅህን ከየት አውጥተህ ነው የነካኸው?» ብላ ሳቀች። እኛም ሳቅን። ያች ሳቅ እንደ ድንጋይ ነበር የከበደችኝ።

ከዚያ አባዬ ጋ ልደውል አለች። እዚያው በገዛችው ሲም ካርድ ደወለች፤ ዝግ ነው። ሰማው ጋ ደወለች፤ አያነሣም። «መብራት ጠፍቶ ይሆናል፤ ቻርጅ አላደረጉም» አልኋት። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ኔትወርኩን ታውቂው የለ» አልኋት። እኔ አንዱን ስል መንግስቴ ሌላውን ይላል። ውሸት እንዲህ አድካሚ መሆኑን እስከዚያ አላውቅም ነበር። ክፍል የምንጋራ ስለሆንን ማልቀስ ሲያምረኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ እከፍታለሁ። «እትዬ፣ የዚህን አገር ውሃ ሊጨርሱት ነው?» ትለኛለች በበሩ።

በማግሥቱ ተናገረች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች፤ ከመድረኩ ኋላ ያለው ትልቅ ግድግዳ ላይ የመሪጌታ ፎቶ መጣ። መደቡ አጠገብ ቆመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው። እንግሊዝኛውን አልሰማ፣ «መሪጌታ አካለ ወልድ» ስትል ግን ሰማሁ። መጀመሪያ እርሳቸውን ጠራች፣ እንዳለችው። ሰዉ አጨበጨበ። ያኔ የቢቸና ሰው ቀብር ላይ ነው። እኔ በጭብጨባው ተሸሽጌ እንባዬን ለቀቅሁት፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ኬንያዊት በደስታ ያለቀስሁ መስሏት አቀፈችኝ። መንግስቴ ቀና ብሎም አላየ።

ከዚያ ወዲያ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ጉባኤው ግቢ ውስጥ የንብ ዕቃ ይሸጣል፤ ለአባቷ ነጭ የንብ ልብስ፣ መረብ ያለው፣ መረጠች። «እስካሁን በጋቢ ነው ማር የሚቆርጡት፣ ግትር ናቸው። ይሄን ግድ አለብሳቸዋለሁ። እጅጌው አይረዝምም እትዬ? በእርስዎ ይለካ፣ ቁመታችሁ አንድ ነው።» አለበሰችኝ። ቆሜ ተለካሁ። ያን ልብስ በላዬ ላይ ያኖረችበትን ሰዓት እግዜር ያውቀዋል።

ስንመለስ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው። የዓባይን ቁልቁለት ሙቀት ይዞን ወረድን፣ ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ወጣን። ሁላችንም ዝለናል። ደጀን ስንደርስ መንግስቴ ከመቀመጫው አልተነሣም።

«አንተ፣ አገርህ ነው፣ አትወርድም?»

«ቢቸና አንዲት የታመመች ላም አለችኝ።»

«ከናይሮቢ ስትመጣ እየጠበቀችህ ነው? ምስኪን!» አለችና ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ «እኔ ቢቸና አልወርድም። በቀጥታ ሞጣ ልግባ፣ ልጆቼ ናፍቀውኛል። አባዬን ቅዳሜ መጥቼ አያቸዋለሁ» አለች።

መንግስቴ ዞሮ አየኝ። ሞጣ ከገባች አለቀ፤ ጎረቤቱ በር ላይ አግኝቶ እግዜር ያጥናሽ ይላታል። ልጆቿ ፊት፣ ሻንጣ በእጇ። እኔ ሌላ ዘዴ አልነበረኝም። ቢቸና ሊደርስ ሲል ሆዴን ያዝሁ። መንገዱ አዙሮኝ ስለነበር ግማሹ እውነት ነው።

«ወይንእሸት፣ አልችልም። ቤት አድርሽኝ፣ ብቻዬን አልችልም።»

«እትዬ! ምነው? ምን በሉ?» አለችና ጊዜም አልፈጀች፣ ሹፌሩን አስቆመች፣ ሻንጣዋን አወረደች። የለቅሶው ድንኳን እንዳይታያት በኋለኛው መንገድ እንዲሄድ መንግስቴ ለባጃጁ ሹፌር ነገረው። አልጋዬ ላይ አስተኛችኝ፣ እግሬን አጠበችልኝ። ወደ አባቷ ግቢ ልሂድ ስትል እጇን ያዝሁ፤ «መሽቷል፣ ተኝተዋል፣ ነገ ታያቸዋለሽ» አልኋት። አጠገቤ ተኛች። ድካም ነው መሰል እንደ ልጅ ተኛች። እኔ እስኪነጋ ትንፋሿን ሰማሁ።

ጎሕ ሲቀድ የእግር ኮቴ መጣ። እርሷ ናት በሩን የከፈተችው። ሰማው ከፊት፣ ቤተ ዘመዱ ከኋላው፣ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቋል። ሰማውን አላየችውም፤ ወደ እኔ ዞረች።

«መቼ?»

«እዚያ እንደደረስን ነው ልጄ።»

«ከመናገሬ በፊት?»

«በፊት።»

«ልብሱን ሲለኩልኝ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ከዚያ ጮኸች። ሴቶቹ ያዟት፣ ደረቷን እንዳትመታ እጇን ያዟት፣ ከጓሮ እስከ መንገድ ሰዉ አብሯት አለቀሰ። እኔም ቧንቧ ሳልከፍት አለቀስሁ። ሰውነቴ ሁሉ ተፈታ።

ለአርባው ስትመጣ ከእኔ ጋር ብዙ አልተነጋገረችም። ከመንግስቴም ጋር እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ቀስ በቀስ መጣች፤ ሰው ነን። ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ጉባኤ አለ፣ ካምፓላ። እኔ እግሬ እምቢ ስላለኝ ወጣት ሴት ይዛ ትሄዳለች። ልትሰናበተኝ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስጠነቅቅዎ። እዚያ እያለሁ አንድ ሰው ቢሞት በዚያው ሰዓት ይነገረኝ። ለሰማውም ነግሬዋለሁ፣ ለመንግስቴም። ምንጣፍ ላይም ቢሆን አለቅሳለሁ፣ ብቻዬንም ቢሆን። ስቄ ግን አልገኝም።»

«እሺ።»

«ይማሉልኛ።»

«ከእኔ በቀር ማን ሊሞት ነው የምታስምይኝ? ከሞትሁ በኋላ ደውዬ ልንገርሽ?»

ሳትወድ ሳቀች፤ ጉንጬን ስማኝ ሄደች። እንደወጣች ሰማውን አስጠራሁት። «የነገረችህን ሰምቻለሁ» አልሁት። «እኔ ብሞት ግን እንዳትነግሯት። አገሯ ስትገባ፣ በማለዳ፣ ተሰብስባችሁ።»

አንገቱን አቀረቀረ። እሺም አላለኝ፣ እምቢም አላለኝ።