ያሳጠርሁት ሜትር

ዛሬ በድሮው ኮሌጄ በዓል ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ።

አንድ ወጣት መምህር የጥንት መዝገብ ገልጦ የደርግ ጊዜውን አጫጭር የጦር ውርወራ ውጤት አነበበና «የዚያን ጊዜው አሠልጣኝ ምን ይሠሩ ነበር?» አለ። አሠልጣኙ እኔ ነበርሁ።

ደሜ ፈላ! ግን ልጁ አልዋሸም። መዝገቡን የጻፍሁት እኔው ነኝ።

በፊትማ ውርወራውን ሁሉ ለክቼ፣ ከአንደኛው ጀምሬ ስምና ሜትር ሰሌዳ ላይ እለጥፍ ነበር። ያ ሰሌዳ ኩራቴ ነበር። አንድ ቀን የደርጉ ካድሬ መጣና ወረቀቱን ገንጥሎ «እንዲህ ያለ ክንድ ለእጅ ቦምብ ነው የሚሆነው» አለኝ። ከላይ የነበሩት ሦስት ልጆች ወደ ግንባር ተላኩ። አንዳቸውም አልተመለሱም።

እኔ ነኝ በቅደም ተከተል የጻፍሁለት።

ከዚያ ወዲያ ሜትር ማሳጠር ጀመርሁ። የደልጊው ልጅ ይርጋ አንድ ቀን የወረወረው ጦር ጣና ዳር የሚግጡትን ላሞች አስበረገገ። (ላሞቹ ከመዝገቤ ይልቅ ይታመናሉ።) እኔ «አርባ ሜትር» ብዬ ጻፍሁ።

«ጋሼ፣ ኧረ እንደገና ይለኩልኝ!» ብሎ አለቀሰ።

«ክንድህ ሰንፏል፣ ሂድ!» አልሁት። እስከ ዛሬ እንዳኮረፈኝ ነው።

ዛሬ ከሁሉ አብልጦ የሳቀብኝም እሱ ነው፤ የልጅ ልጁን ታቅፎ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ።

እናንተስ፣ የገዛ ሥራችሁን በገዛ እጃችሁ አበላሽታችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ።

ይርጋ፣ ይህን ካነበብህ፦ ስድሳ ሁለት ሜትር ነበር።